ስለ ጎልፍ ጨዋታና ስለ ደቅ ሜዳ

የሰው ልጅ ከሥራው ድካም የሚያርፍበት ጨዋታ ብዙ ዓይነት ነው፤ ነገር ግን ጨዋታ ሁሉ ስፍራ ይፈልጋል። ገበጣ ለሚጫወቱ ሰዎች የአንድ ዛፍ ጥላ ይበቃቸዋል፤ ሰንጠረዥ ለሚጫወቱም አንድ ጠረጴዛ ይበቃቸዋል። ጉግስ የሚጫወቱ ፈረሰኞች ግን ፈረስ የሚያስጋልብ ሜዳ ካላገኙ ጨዋታቸው አይሆንላቸውም። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሰፊ መሬት የሚፈልገው ጎልፍ የተባለው የኤውሮጳ ጨዋታ ነው፤ ዐሥራ ስምንት ጉድጓድ ያለው አንድ የጎልፍ ሜዳ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 60 ሄክታር የሚደርስ መሬት ይይዛልና። ስለዚህም ስለ ጎልፍ የሚነገር ነገር ሁሉ መጨረሻው ስለ መሬትና ስለ ውሃ መናገር ይሆናል።

ጨዋታው ላላወቀው ሰው የልጅ ነገር ይመስላል። ተጫዋቹ ጫፉ በታጠፈ በትር ከሎሚ ያነሰች ጠንካራ ኳስ ይመታል፤ ኳሷም በአየር ትሄድና ከሣሩ ላይ ትወድቃለች፤ እርሱም በእግሩ ተከትሎ ሄዶ ከወደቀችበት ደግሞ ይመታታል። እንዲህ እያደረገ አፉ 108 ሚሊሜትር ከሚሆን ከአንድ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ያገባታል። ከዚያም ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ ይሄዳል፤ ዐሥራ ስምንቱንም ሁሉ በጥቂት ምት የጨረሰ ሰው አሸናፊ ይባላል። መንገዱ ስድስት ወይም ሰባት ኪሎሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ ጨዋታው እስኪያልቅ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከበትሮቹም አንዱ ለሩቅ፣ አንዱ ለቅርብ፣ አንዱ ኳስን ከአሸዋ ለማውጣት፣ አንዱ ደግሞ በጉድጓዱ አፍ ላይ ቀስ አድርጎ ለመግፋት ይሆናል፤ ነገር ግን ደንቡ ከ14 በላይ መያዝን ይከለክላል።

ይሁን እንጂ ይህን ጨዋታ ከሌሎች የሚለየው ትልቁ ነገር በትሩም ኳሷም አይደለም፤ በየተጫዋቹ አጠገብ ዳኛ አለመቆሙ ነው። ሰው በዛፍ መካከል ብቻውን ሆኖ ሳለ ኳሱ ሳይመታት ብትነቃነቅበት የሚያየው የለም፤ ነገር ግን ራሱ በራሱ ላይ መስክሮ አንድ ምት እንዲጨምር ደንቡ ያዝዛል። በ1925 ዓመተ ምሕረት (እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ አገር በተደረገው ታላቅ ውድድር ላይ፣ ቦቢ ጆንስ የተባለው ስመ ጥሩ ተጫዋች ኳሱ ጥቂት እንደ ተነቃነቀች በራሱ ላይ ተናገረና አንድ ምት ተጨመረበት። በመጨረሻም ከአንድ የእስኮትላንድ ተወላጅ ጋራ እኩል ሆኖ ተገኘ፤ በድጋሚ በተደረገውም ጨዋታ በአንድ ምት ተሸነፈ። ያች ምት በራሱ አፍ ባትጨመርበት ኖሮ ድጋሚ ጨዋታ ሳያስፈልግ ያሸንፍ ነበር። የሕዝብ ሒሳብ በእጃቸው ያለ ሹማምንት ይህን ታሪክ ቢሰሙት አይጎዳቸውም።

በኢትዮጵያ ይህ ጨዋታ የታወቀው ይልቁንም በውጭ አገር ሰዎች መካከል ነው። በአዲስ አበባ ከዳግማዊ አጤ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለእንግሊዝ መንግሥት በተሰጠው ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ በዛፍ መካከል ትንሽ የጎልፍ ሜዳ ተሠርቶ የሌጋሲዮኑ ሰዎች ሲጫወቱበት ኖረዋል። የቀረው ሕዝብ ግን ጎልፍን ከሩቅ ሰምቶ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም በሥዕል አይቶ ብቻ ያውቀዋል።

በዛፍ የተከበበ፣ ሐይቅና ተራራ የሚታይበት፣ ለጥቂት ሰዎችም ብቻ የተዘጋ የጎልፍ ሜዳ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ በእስኮትላንድ ያለውን የሎክ ሎሞንድን ሜዳ ቢመለከት ይበቃዋል። ሎክ ማለት በአገሩ ቋንቋ ሐይቅ ማለት ነው። የሐይቁ ስፋት 71 ካሬ ኪሎሜትር ሲሆን በታላቋ ብሪታንያ ደሴት ከሚገኙት ሐይቆች ሁሉ በስፋት የሚበልጠው የለም። በምዕራብ ዳርቻው ሮስዱ የሚባል ርስት አለ፤ የካሁን ነገድ ባላባቶች ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ የያዙት ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ታላቅ ቤት፣ ከዚያም በፊት የነበረ የአሮጌ ግንብ ፍራሽ፣ ደግሞም ባላባቶቹ ሳይቆርጡ ለልጅ ልጅ ያቆዩአቸው ታላላቅ ዛፎች ይገኙበታል። ከ1990 በኋላ ባሉት ዓመታት ቶም ዋይስኮፍና ጄ ሞሪሽ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህን ርስት ለጎልፍ ሜዳ አሰናዱት።

ቶም ዋይስኮፍ ራሱ ታላቅ ተጫዋች ነበረ። ሜዳው ገና ሲሠራ አንድ ማለዳ ብቻውን ሥራውን ለመመልከት ሲዘዋወር ከረግረግ ውስጥ ገብቶ ሰመጠ፤ ሰው እስኪደርስለትም ድረስ ለብዙ ሰዓት ከጭቃው ውስጥ ታስሮ ቀረ። ዛሬ ዐሥራ አራተኛው ጉድጓድ በዚያው ረግረግ ስም ይጠራል። መሬት በካርታ ላይ ሲያዩት ዝም ያለ ይመስላል፤ እግር ሲያርፍበት ግን የራሱን ነገር ይናገራል።

በዚህ ሜዳ የሚጫወት ሰው በመጀመሪያ በዛፎቹ መካከል ይሄዳል፤ ከዚያም መንገዱ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ በስተ ማዶ ከፍታው 974 ሜትር የሆነው የቤን ሎሞንድ ተራራ ከውሃው በላይ ቆሞ ይታየዋል፤ ከሐይቁም የሚነሣው ነፋስ ፊቱን ይመታዋል። ተራራው ዓይኑን ይወስድበታል፣ ነፋሱም ኳሱን ይወስድበታል፤ ልቡን ሰብስቦ ወደ እግሩ ሥር ካልተመለከተ በቀር ምቱ ይበላሽበታል። የአገሩ ሰማይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ፊቱን ይለውጣልና፣ ተራራው አሁን በጉም ይሸፈናል፤ አሁን ደግሞ ይገለጣል። በመጨረሻው በዐሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ ላይ ሐይቁ በተጫዋቹ ግራ ይሆናል፤ አሳጥራለሁ ብሎ ወደ ውሃው የተጠጋ ሰው ኳሱን ለዓሣ ይሰጣል። የጨዋታውም ፍጻሜ በአሮጌው ግንብ ፍራሽ አጠገብ ነው። ይህን ሁሉ ለማየት የሚችለው ግን የማኅበሩ አባል የሆነ፣ ወይም አባል የሆነ ሰው የጋበዘው ብቻ ነው።

ነገር ግን የእስኮትላንድ ሕግ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለው። በ2003 ዓመተ ምሕረት በወጣው የመሬት ሕግ መሠረት፣ ማንም መንገደኛ ጨዋታውን ሳያውክና በጉድጓዶቹ ዙሪያ ያለውን ስስ ሣር ሳይረግጥ የጎልፍ ሜዳን አቋርጦ ለማለፍ ይችላል። መሬቱ የግል ሆኖ ሳለ መንገዱ የሕዝብ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። በትሩን ለመያዝ ገንዘብና ስም ያስፈልጋል፤ ተራራውን አይቶ ለማለፍ ግን ሁለት እግር ይበቃል።

የሎክ ሎሞንድን ነገር የጣና አገር ሰው ቢሰማ ብዙው ነገር እንግዳ አይሆንበትም። በዚያም ሐይቅ ውስጥ ደሴቶች አሉ፤ በደሴቶቹም ላይ ቅዱሳን ኖረውባቸዋል። ኢንችካይሎክ በምትባለው ደሴት ከአየርላንድ የመጣች ኬንቲገርና የምትባል ቅድስት በ8ኛው መቶ ዓመት በምናኔ ኖራ ዐረፈች ይባላል፤ በስሟም ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ነበር። ዛሬ ግን ከዚያ ቤተ ክርስቲያን የቀረው የግድግዳው መሠረትና የመቃብር ድንጋዮች ብቻ ናቸው። ወደዚያች ደሴት በጀልባ የሚሻገሩ ሰዎች ለጉብኝት እንጂ ለቅዳሴ አይሄዱም።

ጣና በስፋቱ ከሎክ ሎሞንድ አርባ ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ነውና። ከደሴቶቹም ሁሉ ሰፊው ደቅ ነው፤ ስፋቱ ዐሥራ ስድስት ካሬ ኪሎሜትር ያህል ሲሆን፣ መሬቱ ዝቅ ያለና ሜዳማ ስለ ሆነ በብዛት ይታረሳል። በአጠገቡ ያለችው ደጋ ግን እንደ ጉልላት ከውሃው ብድግ ብላ ትታያለች፤ በራስዋም ላይ ሴት የማይገባበት የደጋ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ በዚያም የአጤ ዳዊት፣ የአጤ ዘርአ ያዕቆብ፣ የአጤ ፋሲልና የሌሎችም ነገሥታት ዐፅም ተጠብቆ ይኖራል። በደቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ በዛፎች መካከል ይገኛል፤ በውስጡም እቴጌይቱ ራሳቸው በእመቤታችን ሥዕል ሥር ወድቀው ተሥለዋል። አየሩ በጠራ ቀን ከሜዳው ላይ የቆመ ሰው በስተ ምሥራቅ የጉናን ተራራ ከሩቅ ያያል።

ይልቁንም የሚያስገርመው በናርጋ ሥላሴ በር ላይ የተቀረጸ አንድ የፈረንጅ ምስል መኖሩ ነው። ሰዎች ጀምስ ብሩስ ነው ይላሉ። ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ የተቀመጠ፣ በጎንደር በቍስቋም ግቢ የእቴጌ ምንትዋብን ቤተ ሰብ ከፈንጣጣ ያስታመመ፣ በትውልዱም የእስኮትላንድ ሰው ነበረ። እንግዲህ ጎልፍ ከተወለደበት አገር የመጣ ሰው ምስሉን በደቅ በር ላይ ትቶ ሄደ ማለት ነው፤ በትርና ኳስ ግን አላመጣም። ቢያመጣ ኖሮ የአገሩ ልጆች ምን ይሉት እንደ ነበረ ወደ ኋላ ይታያል።

ሎክ ሎሞንድን ያየ ሰው ጣናን ሲያይ፣ ወይም ጣናን የሚያስተዳድር ሹም ስለ ሎክ ሎሞንድ ሲሰማ፣ እንዲህ ያለ ሜዳ በዚህ ዳርቻ ቢሠራ እንግዳ በመጣ ገንዘብም በገባ ብሎ ማሰቡ አይቀርም። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ሐይቁ አለ፣ ተራራው አለ፣ ዛፉ አለ። ደግሞም ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር የተመታች ኳስ ከቆላው ይልቅ ርቃ ትሄዳለችና፣ ተጫዋች ሁሉ ጉልበት የጨመረ መስሎት ደስ ይለው ነበር። ነገር ግን ሊቈጠር የሚገባው ሌላ ሒሳብ አለ።

መጀመሪያው ሒሳብ የመሬት ነው። በአማራ አገር የአንድ ገበሬ ቤተ ሰብ እርሻ አንድ ሄክታር ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ሙሉ የጎልፍ ሜዳ ከ50 እስከ 60 ቤተ ሰብ የሚያርሰውን መሬት ይወስዳል። በሮስዱ ርስት ከመጀመሪያው የባላባት መናፈሻ ስለ ነበረ ጎልፉ የነቀለው ገበሬ አልነበረም። በደቅ ግን ትርፍ መሬት የለም፤ ከገዳሙ ዛፍ ወዲህ እርሻ ነው፣ ከእርሻው ወዲያ ደንገል ነው፣ ከደንገሉ ወዲያ ውሃ ነው። ደሴት ደግሞ እንደ የብስ አይደለም፤ የተነሣ ሰው ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ የሚቀመጥበት ዳር የለውም።

ሁለተኛው የሣር ሒሳብ ነው። በእስኮትላንድ አትክልተኛው ሰማዩ ራሱ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ይዘንባልና ሣሩ በጋ ክረምት ሳይል ለምለም ነው። በጣና ግን ዝናሙ በሰኔ ገብቶ በመስከረም ይወጣል፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ድረስ ምድሩ ይደርቃል። በዚህ ጊዜ እንደ ሥጋጃ የተቀጨ አረንጓዴ ሣር ለማቆየት በየሌሊቱ ውሃ መርጨት ያስፈልጋል፤ ውሃውም ከሐይቁ ይወጣል። ሁልጊዜ የሚታጨድ ሣር መሬቱን ስለሚያራቁት ማዳበሪያ ይፈልጋል፤ የማዳበሪያውም ትርፍ በመጀመሪያው ዶፍ ዝናም ታጥቦ ተመልሶ ወደ ሐይቁ ይገባል።

ወደ ሐይቁ የሚገባው ነገር ምን እንደሚያደርግ የጣና ሰዎች በዓይናቸው አይተዋል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ የተባለው አረም በ2011 ዓመተ ምሕረት በሐይቁ ላይ መታየቱ ተገለጠ፤ ከዚያም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ በደምቢያና በፎገራ በኩል እጅግ ተስፋፋ። አበባው ሐምራዊና ለዓይን ያማረ ነው፤ ሥራው ግን ክፉ ነው። የዓሣ አጥማጁን ታንኳ ያግዳል፣ የከብቱን መጠጫ ይዘጋል፣ ከሥሩ ያለውንም ውሃ ብርሃንና አየር ያሳጣዋል። ብዙ ሺህ ገበሬ እስከ ወገቡ ድረስ ከውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ታይቷል፤ ማሽንም መጥቶለታል። ይህ አረም የሚሰባው በውሃ ውስጥ በሚገኘው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው፤ እነዚህም ከእርሻ ማዳበሪያና ከከተማ እድፍ ይመጣሉ፤ ለጎልፍ ሣር የሚበተነውም ማዳበሪያ ያው አንድ ዓይነት ነው። በ2015 ዓመተ ምሕረት ዩኔስኮ ጣናን ከነዳርቻው ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መካከል ጽፎታል፤ ነገር ግን መዝገብ አረም አይነቅልም።

ይህም ሲባል ጎልፍ ሁሉ ውሃን ያበላሻል ማለት አይደለም። ከሐይቁ ርቆ የተሠራ፣ በሜዳውና በውሃው መካከል ያለው ደንገል ሳይቆረጥ የቀረለት፣ በበጋ ሣሩ እንደ አገሩ ሣር ቢጫ ሆኖ እንዲከርም የተፈቀደለት ሜዳ ጉዳቱ ጥቂት ሊሆን ይችላል። ደንገል ለታንኳ ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን ጭቃና ማዳበሪያ አጣርቶ የሚያስቀር ወንፊት ነው። እንግዲህ ዳርቻውን ለእንግዳ ዓይን እናስውብ ብሎ ደንገሉን የሚያስመነጥር ሰው፣ ውሃውን የሚያጠራለትን ሠራተኛ ያለ ደመወዝ እያገለገለው ሳለ አባረረው ማለት ነው።

ደግሞም ጎልፍ ራሱ በተወለደበት ጊዜ እንዲህ ያለ ጌታ አልነበረም። የመጀመሪያው ሜዳ በእስኮትላንድ ባሕር ዳር ያለ፣ ለእርሻ የማይሆን፣ በጎችና ጥንቸሎች ሣሩን የሚግጡት አሸዋማ መሬት ነበር። አጫጁ በግ ነበረ፤ ማዳበሪያውም የበጉ ነበረ። ሕዝቡ ሁሉ እስኪሳሳትበት ድረስ ስለ ወደደው በ1457 ዓመተ ምሕረት በንጉሥ ጀምስ ሁለተኛ ዘመን የአገሩ ሸንጎ ጎልፍን ከለከለ፤ ምክንያቱም ወንዶች ሁሉ ወደ ጨዋታው ሄደው ለጦርነት የሚያስፈልገውን የቀስት ልምምድ ስለ ተዉ ነው። ክልከላው ግን አልያዘም፤ ከጊዜ በኋላ ነገሥታቱ ራሳቸው ተጫዋቾች ሆኑ።

በሴንት አንድሩስ ከተማ የሆነው ነገር ደግሞ ለካህናት ሊነገር የሚገባው ነው። ሊቀ ጳጳሱ ጆን ሐሚልተን በ1552 ዓመተ ምሕረት በባሕሩ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ጥንቸል ለማርባት ፈለጉ፤ የከተማውም ሹማምንት ፈቀዱላቸው። ሊቀ ጳጳሱም በበኩላቸው የከተማው ሕዝብ በዚያ ሜዳ ላይ ጎልፍና ሌላውንም ጨዋታ ለመጫወት ያለውን መብት በጽሑፍ አጸኑለት። የእንጀራውም የጨዋታውም ነገር በአንድ ወረቀት ላይ ሰፈረ። ይኸው ሜዳ በ1764 ዓመተ ምሕረት በዐሥራ ስምንት ጉድጓድ የተወሰነ ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ቍጥር ከዚያ የወጣ ነው። እስከ ዛሬም ሜዳው የሕዝብ ነው፤ ታላቅ ውድድር ካልሆነ በቀር በእሑድ ቀን ጨዋታ ይከለከልና የከተማው ሰው ከልጆቹና ከውሻው ጋራ ይንሸራሸርበታል። ሜዳው እንደ ሰው ሰንበት አለው።

በዛፍ የተከበበው የግል ሜዳ ከዚህ በኋላ የመጣ ነገር ነው። የእንግሊዝ መኳንንት በቤታቸው ዙሪያ ዛፍ ተክለው፣ ኩሬ ቈፍረው፣ ለዓይን ብቻ የሚሆን መናፈሻ ያሠሩ ነበር፤ የሣር ማጨጃ መኪና በ1830 ዓመተ ምሕረት ከተፈለሰፈ በኋላም እንዲህ ያለውን ሣር ማሳጠር ቀላል ስለ ሆነ፣ ጨዋታው ከባሕር ዳር አሸዋ ተነሥቶ ወደ መናፈሻው ገባ።

በጣና ግን ዛፍን ማቆየት የመኳንንት ጌጥ ሆኖ አያውቅም። የዘጌ ሰዎች አባታቸው አቡነ በትረ ማርያም ከሰጡት ቃል ኪዳን የተነሣ መሬታቸውን አያርሱም፣ ከብትም አያረቡም፤ በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና እየለቀሙ ይኖራሉ። ጻድቁ በትራቸውን ሰብረው ከተከሉት ስብርባሪ ቡናና ጌሾ ሎሚም በቀለ ተብሎ ይነገራል። የደሴቶቹም ዛፍ እንደዚሁ በቤተ ክርስቲያን ስም ቆሞ የቀረ ነው። በሮስዱ ዛፉን ያቆየው የባላባት ርስት ነው፤ በዘጌና በናርጋ ያቆየው የካህን ግዝት ነው። ርስት ይሸጣል፤ ግዝት ግን ገዢ አያገኝም። ስለዚህ በዚህ ዳርቻ የመሬት ነገር በሚመከርበት ሸንጎ ላይ ካህናቱ ተመርቀው የሚያሰናብቱ ብቻ ሳይሆኑ ቃል የሚሰጡ መሆን ይገባቸዋል።

በበትርና በኳስ መጫወትስ ለጣና አገር አዲስ ነገር አይደለም። ብሩስ የአገሩን ጨዋታ ቢያመጣ ኖሮ ልጆቹ በትሩን አይተው፣ ይህማ የገና ዱላ ነው፣ ምነው እንዲህ ቀጠነ ይሉት ነበር። የገና ጨዋታ እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ በያዙት በትር ከደስታቸው የተነሣ የተጫወቱት ነው ተብሎ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር የመጣ ነው። ዱላው ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት ጫፉ ቆልመም ብሎ የበቀለው ተመርጦ ይቆረጣል። ሩሩ ከእንጨት ጉጥ ይጠረባል፤ ወይም ከጠፍር ይጐነጐናል። ልጆች ከኅዳር ጀምሮ በየጫካው ጫፍ እየዞሩ ቆልማማ ቅርንጫፍ ሲፈልጉ ይታያሉ፤ መልካም ዱላ ያገኘም ለጓደኛው አያሳይም።

ሜዳው የሚዘጋጀው በማንም ትእዛዝ አይደለም። በታኅሣሥ መጨረሻ አዝመራው ተሰብስቦ ያልቃል፤ ምድሩም ገለባና ቃርሚያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ትናንት የዘመድ ልጅ እንኳ ቢረግጠው ጠብ የሚያስነሣ የነበረው ማሳ፣ እህሉ ከገባ በኋላ የሁሉ ሜዳ ይሆናል። የላይ ቤትና የታች ቤት፣ ወይም አንዱ አጥቢያ ከሌላው አጥቢያ ይገጥማል፤ የሰው ቍጥር አይወሰንም፤ ዳርቻውም ተራራና ወንዝ ነው። ሩሩ ከመካከል ይጣልና ሁሉም ወደ ባላጋራው ወገን ለመስደድ ይረባረባል። በጎልፍ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኳስ ይዞ ከራሱ ጋራ ይታገላል፤ በገና ግን መቶ ሰው አንዲት ሩር ይካፈላል። ቍርጭምጭሚት መመታት የጨዋታው ግብር ነው፤ በየአገሩ ያሉ ሽማግሌዎች እግራቸውን ገልጠው ያን ጠባሳ ሲያሳዩ ከጦርነት ቍስል ባላነሰ ኩራት ነው።

በዚያም ቀን የተመታ ጌታ በመታው አሽከር ላይ አይቈጣም፤ ይህ ከጥንት ጀምሮ የጨዋታው ሕግ ነው። በሌላ ቀን ጫማውን የሚያወልቅለት ሰው በዚያ ቀን በዱላ ይጋፋዋል፤ ያሸነፈውም ወገን ማታ በዜማ እየገጠመ የተሸነፈውን ባለጠጋ በስሙ ይሰድበዋል፤ እርሱም ስቆ ጠላ ይሰጣል። ቦቢ ጆንስ በራሱ ላይ መሰከረ፤ የገና ጌታ ደግሞ በራሱ ላይ እንዲመሰከር ይፈቅዳል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከብድ በሹመት ላይ ያለ ሰው ያውቀዋል።

ዛሬ የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ለገና ጨዋታ የተጻፈ ደንብ አውጥቶለት፣ የሜዳ ልክና የተጫዋች ቍጥር ተወስኖለት በየዓመቱ ከሚደረገው ውድድር ውስጥ ይገኛል፤ ይህም ጨዋታው እንዳይረሳ ይረዳል። በከተማ ግን የእግር ኳስ ሜዳውንም ልጁንም ወስዶታል። በገጠር ቢሆን የገናን ሜዳ የሚያጠበው የእግር ኳስ አይደለም፤ አጥር ነው። ማሳው ከአዝመራ በኋላ የሁሉ መሆኑ ሲቀር ጨዋታውም አብሮ ይቀራል፤ የሚጠብቀው መዝገብ የለምና ሲጠፋ የሚያለቅስለት የለም። የዳርቻን መሬት በውል የሚሰጥ ሹም በውሉ ውስጥ ስንት ሄክታር፣ ስንት ዓመት፣ ስንት ገንዘብ ብሎ ይጽፋል። የእስኮትላንድ ሕግ አውጪዎች ከዚህ በታች አንዲት መስመር ጨመሩ፤ መንገደኛ ያልፋል አሉ። በጣናም ዳርቻ ጎልፍም ይሁን ሌላ የእንግዳ ቤት ሲፈቀድ፣ ደንገሉ አይቆረጥም፣ ታንኳ ይቀርባል፣ ከአዝመራ በኋላ ልጆች በሜዳው ይጫወታሉ የሚሉ መስመሮች በውሉ ቢገቡ ቀለሙ ብዙ አይፈጅም።

በደቅ ታኅሣሥ 29 ቀን ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ከጾም ይፈታል። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል የደጋ ጥላ በውሃው ላይ ይረዝማል፤ ከሣርም የቀረው በእግር ሥር የሚንኰሻኰሽ ገለባ ብቻ ነው፤ ማንም አላጠጣውም፣ ማንም አላጨደውም። ሲመሽ ሩሩ ከዓይን ይሰወራል፤ የመጨረሻው መቺ ወዴት እንደ ሰደዳት ሳይታወቅ በደንገሉ ውስጥ ትጠፋለች፤ ልጆችም ጥቂት ፈልገው ይተዋታል። ዱላዎቹ ለከርሞ ከየቤቱ ጣሪያ ሥር ይሰካሉ። በማግስቱ ማለዳ ከብት በዚያው ሜዳ ይሰማራል።